የአቡጀዲዋ ሴት

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ፣ አንድ የሲኒማ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ወረቀት እንዳይመስላችሁ፤ በእጅ የተሳለ አቡጀዲ ነው። ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ሽጉጥ ይዞ ወደ ጎን ያያል። ከሱ ኋላ አንዲት ሴት በትከሻዋ ዞር ብላ በቀጥታ እኛን ታያለች። ሰውዬውን ማንም አያየውም። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርትመንታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ጫማውን ገና ሳያወልቅ፣ ዓይኑ የሚያርፈው ሴትዮዋ ላይ ነው።

ሴትዮዋ እናቴ ናት። ይህን እያልኩ ነው ያደግኩት። ልጅ ሆኜ «ይቺ ማናት?» ብዬ ስጠይቃት፣ እናቴ ከምትከትፈው ሽንኩርት ቀና እንኳ ሳትል «እኔ ነኛ! ማን ልትሆን ኖሯል?» አለችኝ። በቃ። አባቴ የሲኒማ ቤት ሠዓሊ ነበር፣ እናቴን ሳላት፣ ተጋቡ፣ እኔ ተወለድኩ። ከዚህ በላይ ምን ታሪክ ይፈለጋል?

እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን ነገሩ ከበደብኝ። የወጣትነቷ ፎቶ የለንም። ከድሮው የቀረን የፓስፖርቷ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ተቆጥታለች። ሌላው ሁሉ እዚህ አገር የተነሳችው ነው፣ በክረምት ጃኬት ተጠቅልላ አፍንጫዋ ብቻ የሚታይበት። በሃያ ዓመቷ ምን ትመስል እንደነበር የሚያውቀው ያ አቡጀዲ ብቻ ነበር። እና ቤቱ ቢቃጠል መጀመሪያ አባቴን፣ ቀጥሎ እሱን ነው ይዤ የምወጣው እል ነበር። አባቴ በጣም የነዘነዘኝ ቀን ቅደም ተከተሉን እንደገና አስብበታለሁ።

በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልደብቅም። ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባለው ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የሃውስኪፒንግ ሱፐርቫይዘር ነኝ። ሥራዬ ራሱ መጠርጠር ነው። ተነጥፏል የተባለውን አልጋ ገልጬ አያለሁ፤ ታጥቧል የተባለውን ብርጭቆ ወደ መብራት አነሳለሁ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ሌላው ሰው ይተርተዋል፤ እኔ ደሞዝ እበላበታለሁ።

አባቴ ሥራውን የተማረው ከአንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ነው። ሽማግሌው ከጣልያን ጦርነት በኋላ ሲኒማ ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ ጀምሮ የየበሩን ማስታወቂያ ሲስል የኖረ ሰው ነበር ይላል አባቴ። ፊልሙ ከውጭ ሲመጣ መዳፍ የምታክል የታተመች ወረቀት አብራው ትመጣለች። እነሱ አቡጀዲውን ወጥረው፣ ኮላና ጄሶ ለቅልቀው፣ ወረቀቷን በመስመር ካሬ ካሬ ከፋፍለው፣ ያቺን መዳፍ በር የሚያክል ነገር ያደርጓታል። ጉንጭ ላይ አረንጓዴ ጥላ፣ ከንፈር ላይ ደማቅ ቀይ፣ ከኋላ ሁልጊዜ እሳት። ፊልሙ ውስጥ እሳት ይኑር አይኑር የሚጠይቅ የለም። አለቃው «መንገደኛውን ካላቆመው ጨርቅ ነው፤ ካቆመው ነው ሥዕል የሚባለው» ይል ነበር አሉ።

ችግሩ ወረቀቷ ብዙ ጊዜ ተጨማድዳ ወይም ዝናብ መትቷት ነው የምትደርሰው። ፊቱ ካልለየ ምን ይደረግ? የሚያውቁትን ፊት ያውሱታል። የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ሸሪፍ ሆኗል። የአንድ ግቢ ዘበኛ ጄኔራል ሆኖ በፈረስ ተቀምጧል። ሥጋ ሻጩ ራሱን በር ላይ ተሰቅሎ ሲያይ «በገዛ ፊልሜ ልክፈል እንዴ?» ብሎ በነጻ ካልገባሁ አለ ይባላል።

ደግሞ ፊልሙን አስቀድሞ ማየት ብሎ ነገር የለም። ማን ጥሩ ማን ክፉ እንደሆነ የሚገምቱት በመልክ ነው። አንዴ አባቴ ከሁሉም መልከ መልካሙን መርጦ ትልቅ አድርጎ ሳለው። ሕዝቡም «አክተሩ እሱ ነው» ብሎ ገባ። ሰውዬው ፊልሙ ከመጀመሩ ተገደለ። ኧረ በስማም! አዲስ አበባ ውስጥ አክተር አይሞትም! ተመልካቹ መጀመሪያ «አስመስሎ ነው፣ ይነሳል» እያለ ታገሠ። ሲቀበር አየ፤ ያኔ ወንበሩን መደብደብ ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ አባቴን ጠርቶ «ወይ ሬሳህን ከበሬ ላይ አንሣ፣ ወይ ሥራህን ልቀቅ» አለው። አባቴ ለሟቹ ጺም አበቀለለት፣ ባርኔጣ ደፋለት፣ በማግስቱ ሌላውን ሰውዬ አደረገው። ይህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወራል፤ እኔም በየጊዜው እንደ አዲስ እስቃለሁ።

ከዚያ ሁሉ ሥራ የተረፈው ይሄ የኛ ብቻ ነው። አቡጀዲ ውድ ነበር፤ ፊልሙ ሲወርድ ይታጠብና ሌላ ይሳልበታል። ይሄኛውን ለምን እንዳላጠበው ስጠይቀው «ዝናብ አበላሸው ብዬ ዋሽቼ ቤቴ ወሰድኩት» ይላል። ለምን እንደዋሸ ግን አይናገርም። እኔ ደግሞ ለእናቴ ብሎ ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ሰማንያ ዓመት ሲሞላው ድግስ ነገር አደረግን። አባቴ ያንን የሞተውን አክተር ታሪክ ሲያወራ ጓደኛዬ በስልኳ ቀርጻ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። አባቴ ይስቃል፣ ከኋላው አቡጀዲው ይታያል። ብዙም ሳይቆይ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ኮል አደረጉልኝ። «ልጄ፣ አባትሽን ከድሮ ሰፈር አውቃቸዋለሁ። አሌክሳንድሪያ ነው ያለሁት፤ መጥቼ ብጠይቃቸው ደስ ይለኛል» አሉ። ስልኬን ከየት እንዳገኙት ጠየቅኩ። ከቪዲዮዋ ባለቤት ነው አሉ። ጓደኛዬን ገሰጽኳት።

ቅዳሜ መጡ። ቀጭን፣ ከረቫት ያሰሩ፣ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር ናቸው። ብርቱካን በላስቲክ ይዘዋል። አባቴ በሩ ላይ አፍጥጦ አያቸውና «ያ ሕፃን ነህ?» አለ። «ነኝ፣ ጋሼ» አሉ ሰውዬው፣ ሽበታቸውን ይዘው። ተቃቀፉ፤ ለመላቀቅም አልቸኮሉም።

ከዚያ አባቴ «እስቲ ልጄ፣ ሻይ አፍይልን» አለኝ። አባቴ ከምሳ በኋላ ሻይ አይጠጣም። ሻዩን ይዤ ስመለስ ሁለቱም ዝም አሉ። ኩኪስ አምጪ አለኝ፤ አምጥቼ ስመለስ አሁንም ዝም። ሁለት ሽማግሌዎች ሰው ሲገባ ዝም ካሉ የሚያወሩት ጤናማ ነገር አይደለም። አንድ ነገር አለ አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ለመዱ። ከአሌክሳንድሪያ ድረስ፣ ያንን የቤልትዌይ አውራ ጎዳና ትራፊክ ችለው። ሶፋው ላይ ይቀመጡ ብላቸው እምቢ ይላሉ፤ ሁልጊዜ ከፊት ለፊቱ ያለችውን የእንጨት ወንበር ይመርጣሉ። ፊታቸው ወደ አቡጀዲው ነው። ኳስ ከፍቼላቸው ኳሱን አያዩም፤ አባቴ ያወራቸዋል፣ አባቴንም አያዩም።

አነጋገራቸው ነው ይበልጥ ያሳበደኝ። «ቀለሟ እኮ አልለቀቀም!» አሉ አንድ ቀን። ሌላ ቀን ደግሞ «ፀሐይ እንዳያገኛት ከመስኮቱ ራቅ ብትል ምናለ?» የኛ ወንዶች የጎመጁትን ዕቃ ሁሉ ሴት ነው የሚያደርጉት። መኪና ሊገዙ ሲሉ «እሷ ስንት ማይል ነድታለች? ሞተሯ ይሰማል?» እያሉ ነው የሚያሻሹት። እኚህ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። በኛ ቤት አቡጀዲው «እሱ» ነው፤ አባቴም እኔም «እሱ» ነው የምንለው። «እሷ» ማለት ከጀመሩ ልባቸው ገብታለች፣ ልባቸው ከገባች ደግሞ ሊወስዷት ነው። እንዲህ ነበር የማሰላው።

ሥራ ቦታ ለአንዷ ባልደረባዬ ባወራት «እንዴ! እንዲህ ያለ በእጅ የተሳለ ነገር የድሮ ዕቃ የሚሰበስቡ ኮሌክተሮች እንደ ጉድ ነው የሚፈልጉት። ተጠንቀቂ፣ ሽማግሌ ልከው ነው የሚያስለሰልሱት» አለችኝ። እሳት ላይ ቤንዚን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰውዬው መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልካቸውን አውጥተው «ልጄ፣ አንዴ ፎቶ ላንሳት?» አሉኝ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አባዬ አይወድም» አልኩ ፈጠን ብዬ።

አባዬ አጠገባቸው ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ ተናግሮ አያውቅም። እወዳለሁም አልወድምም ሳይል ምንጣፉን አየ። እኚህ ሰው አባቴ ላይ የያዙበት ነገር ቢኖር ነው እንጂ፣ አባቴ በገዛ ቤቱ እንዲህ የሚሸማቀቅ ሰው አይደለም። ሰውዬው ስልካቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

ያን ዕለት የምሳ ሰሃን ይዤ ከኩሽና ስወጣ ሰውዬው በእግራቸው ጣት ቆመው፣ በሌባ ጣታቸው የሴትዮዋን ግራ ጆሮ ሲነኩ ያዝኳቸው። የዚያ ጆሮ ጫፍ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴን ጠይቄያት «ያባትሽ ብሩሽ ስቶ ነው» ብላኛለች።

«አይንኩት!» ብዬ ጮህኩ።

እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡ። «ይቅርታ ልጄ፣ ይቅርታ» አሉ። አባቴ አሁንም ምንጣፉን ያያል። በሁለቱም ተናደድኩ፤ በአባቴ ግን የበለጠ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት አቡጀዲውን አውርጄ፣ በአንሶላ ጠቅልዬ፣ ወደ ፓርኪንጉ ወረድኩና የመኪናዬ ትራንክ ውስጥ ቆለፍኩበት። አባቴ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ባዶውን ግድግዳ አየ።

«የት ወሰድሽው?»

«ላጸዳው ነው።»

«ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ ቅዳሜ እንደሆነ» አልኩ።

ሰውዬው በሰዓታቸው መጡ። ብርቱካናቸውን ሰጡኝ፣ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ፣ ቀና አሉ። ግድግዳው ላይ ያለው ነጣ ያለ አራት ማዕዘንና ሚስማር ብቻ ነው። እጃቸው በሩን ፈለገ።

«ሸጣችኋት?»

እዚያው በሩ ሥር፣ ጫማዎቹ መሃል፣ ቁጭ ብለው አለቀሱ። «አሁን ደግሞ ከየት ላገኛት ነው?» አሉ። የጠየቁት እኔን አይደለም። ኮሌክተር ዕቃ ቢያመልጠው እንዲህ እንደማይሆን ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሆቴል ውስጥ ዕቃ ጠፋብኝ የሚል ስንት እንግዳ አይቻለሁ፤ ይጮሃሉ፣ ማኔጀር ጥሩልኝ ይላሉ። ጫማ መሃል ተቀምጦ የሚያለቅስ አላየሁም።

አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። «አምጪያት!» ብሎ ጮኸብኝ። አባቴ ጮሆብኝ አያውቅም። «አሁኑኑ አምጪያት፣ እህቱ ናት!»

አምጪያት። ዕድሜውን ሙሉ «እሱ» ሲል የኖረው ሰውዬ።

እኔ ሞኝ «እማዬ ወንድም የላትም እኮ» አልኩ።

«እናትሽ አይደለችም» አለ አባቴ።

ሰውዬውን ደግፌ ከመሬት አነሳኋቸውና ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። ውኃ ሰጠኋቸው። ትንሽ ሲረጋጉ የነገሩኝ ይህ ነው። አባቴ በዚያ ዘመን ጎረቤታቸው ነበር። ታላቅ እህታቸውን ይወዳት ነበር፤ እሷም አትጠላውም ነበር፤ ቤተሰቦቿ ግን ለቀለም ቀቢ አንሰጥም አሉ። እሱም የፊልሙ ወረቀት ላይ የሴትዮዋ ፊት ተጨማድዶ ሲመጣለት የእህታቸውን ፊት ሳለበት። የተሰነጠቀው ጆሮ የብሩሽ ስህተት አይደለም። «ሕፃን ሆኜ ታዝለኝ ነበር፤ ጉትቻዋን ስቤ የበጠስኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ከዓመታት በኋላ፣ ወጣቱ በሚታፈስበት በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ከቤት እንደወጣች አልተመለሰችም። ፈላጊዎቹ ቤታቸው ይመላለሱ ነበር። እናታቸው በፎቶ ሌላ ልጅ እንዳይያዝ ብለው ቤት ውስጥ ያለውን ፎቶ አንድ ሳያስቀሩ ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

«ፊቷን ረሳሁት፣ ልጄ» አሉኝ። «ወንድም የእህቱን ፊት ይረሳል? እኔ ረሳሁ። ድምጿ አለ፤ ጀርባዋ ላይ ሆኜ የሚሸተኝ የፀጉሯ ቅባት አለ፤ ፊቷን ግን አጣሁት። ሴት ልጄ 'አክስቴ ምን ትመስል ነበር?' ስትለኝ የምላት የለኝም። ያን ቪዲዮ ሳይ አባትሽ ይስቃሉ፤ ከኋላቸው እሷ ቆማለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ቁጣዬ ገና አልበረደም ነበር።

ወደ አባቴ አዩ። «እናቷ እንደሆነች ነው የምታውቀው፣ ራሴ እስክነግራት ታገሠኝ ስላሉኝ ነው» አሉ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሊነግረኝ ሲል ሻይ አፍይ እያለኝ ኖሯል ማለት ነው።

በአሳንሰሩ ወደ ፓርኪንግ ወረድኩ። ትራንኩን ከፍቼ ያንን ጥቅል እያየሁ ቆምኩ። እናቴን ነው ትራንክ ውስጥ የቆለፍኳት ብዬ ጠዋት ከልቤ ይቅርታ ጠይቄያት ነበር። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ሆና ጠበቀችኝ። አልዋሽም፣ እዚያው ጥዬው ልሄድ አሰኝቶኝ ነበር። ሆኖም ሽማግሌው ፎቅ ላይ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው፤ አወጣሁት።

መልሼ ሰቀልኩት። ሰውዬው ከወንበራቸው ሳይነሱ ብዙ አዩዋት። ስልካቸውን አወጡ፤ ተቀበልኳቸውና እኔ አነሳሁላቸው። «ከአንገቷ በላይ ብቻ፤ ባለ ሽጉጡን ተይው» አሉኝ። እሱን መተው አይከብድም፤ መጀመሪያም ማንም አያየውም ነበር። ፎቶውን ለልጃቸው ላክሁላቸው። ሲወጡ ግንባሬን ሳሙኝና «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉ። አሳንሰሩ ድረስ ሸኘኋቸው።

ስመለስ አባቴ ብርቱካን እየላጠ ነው። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«እንዴት አታውቅም? ከዚያ አገር ስንወጣ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ የከተተችው እሷ አይደለችም እንዴ? እኔማ ጥለነው እንሂድ ብዬ ነበር። 'ከሠራኸው ሁሉ የተረፈው ይሄ ነው፣ አይጣልም' አለችኝ። ልብሷን ቀንሳ ነው ያመጣችው።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አለችኝ?»

ብርቱካኑን አስቀመጠ። «እንጃ። ጠየቅሻት፣ እሷም መለሰችልሽ። እኔ ሰምቼ ዝም አልኩ።»

«እሷንስ ለምን አልሳልካትም፣ አባዬ?»

ግራ ገብቶት አየኝ። ክፋት የለበትም፤ አባቴ ክፉ ሰው ሆኖ አያውቅም። የጠየቅኩት ነገር ከዚያ በፊት በጭራሽ አልመጣለትም።

«እሷማ እቤት ነበረች» አለኝ።

መኝታ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አለቀስኩ፤ ለእናቴ ነው ያለቀስኩት። ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ «እኔ ነኛ!» ስትል ምን ይሰማት እንደነበር ማሰብ አልቻልኩም። ቢያንስ ያን ጊዜ የነበረውን ፊቷን፣ የወጣትነቷን፣ ላስታውስ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጣችልኝ ያቺ የአቡጀዲዋ ሴት ናት።